በረላምና ይዋስፍ፤ ስለ ተመስጦና ስለ ዕለት ሥራ

ሰው የነፍሱን ዕረፍት ለማግኘት ከዓለም መለየት ይገባዋልን? ወይስ በዓለም መካከል ሁኖ የዕለት ሥራውን እየሠራ ኅሊናውን ለማሳረፍ ይችላል? ይህ ጥያቄ ከጥንት ዘመን ጀምሮ የፈላስፎችና የመነኰሳት ጥያቄ ሁኖ ኖሯል። ዛሬ ግን የመሥሪያ ቤት ሹሙም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም ይጠይቁታል። ይልቁንም ከተማችን ወደ ምሥራቅ በሰፋችበት በኩል፣ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ በሚገኘው ስፍራ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ቀኑ በጥድፊያ ተጀምሮ በጥድፊያ ስለሚያልቅበት፣ ጸጥታ ወዴት ይገኛል ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ከሚጠይቁትም ሰዎች አንዳንዶቹ መልሱን ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከቡድሃ ትምህርት፣ ተመስጦ ከሚባለው የኅሊና ልምምድ ዘንድ ይፈልጉታል። ሌሎቹ ደግሞ ይህ ነገር ለአገራችን ባዕድ ነው፣ ሥራ ፈትነትንም ያስተምራል እያሉ ይነቅፉታል።

በዚህ ክርክር መካከል የተረሳ አንድ መጽሐፍ አለ። የቡድሃ ታሪክ ወደ አገራችን ለመግባት የቦሌን አይሮፕላን ጣቢያ መሠራት አልጠበቀም። በ1553 (ከዚህ በታችም የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በግእዝ ቋንቋ ተጽፎ፣ የመነኵሴ ቀሚስ ለብሶ፣ ስሙንም ለውጦ ገብቷል። መጽሐፉም «በረላምና ይዋስፍ» ይባላል። የዚህ ጽሑፋችን ዓላማ ይህን መጽሐፍ መመርመር፣ ስለ ተመስጦና ስለ ሥራ የሚሰጠውንም ትምህርት ከመነሻው ከህንዱ ታሪክ ጋራ ማስተያየት፣ በመጨረሻም ለዛሬ አንባቢ ይጠቅማል የምንለውን ፍርድ መስጠት ነው።

አስቀድመን የመጽሐፉን ጕዞ እንናገር። መነሻው በህንድ አገር ስለ ጎታማ ቡድሃ ሕይወት ይነገር የነበረው ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ ከህንድ በፋርስ በኩል አልፎ ወደ ዐረብኛ ተሻገረ፤ ከዐረብኛም ወደ ጆርጂያ ቋንቋ ተመልሶ በዚያ የክርስቲያን ታሪክ ሆነ። ከጆርጂያ ቋንቋ ወደ ግሪክ የመለሰው በአቶስ ተራራ ይኖር የነበረውና በ1028 የሞተው መነኵሴ ኤውቲምዮስ እንደ ሆነ የዘመናችን ሊቃውንት ይናገራሉ። ከግሪክ ወደ ላቲንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች፣ ደግሞም ክርስቲያኖች ወደሚያነቡት ዐረብኛ ተላለፈ። ከዚሁ ከዐረብኛው አባ ዕንባቆም ለንጉሠ ነገሥት ገላውዴዎስ ወደ ግእዝ ተረጐመው። እንግሊዛዊው ሊቅ ዋሊስ በጅም የግእዙን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ትርጓሜ ጋራ በ1923 አሳትሞታል።

የስሙም ለውጥ ራሱ ታሪክ ነው። ወደ ቡድሃነት ማዕረግ ለመድረስ የሚጓዘውን ሰው ህንዶች «ቦዲሳትቫ» ይሉታል። ይህ ስም በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተብሎ ተጻፈ። በዐረብኛ ጽሕፈት ደግሞ «በ» እና «የ» በቃል መጀመሪያ ሲገቡ መልካቸው አንድ ሁኖ የሚለዩት ከሥራቸው በሚደረገው ነጥብ ብቻ ነው፤ አንድ ነጥብ ከሆነ «በ»፣ ሁለት ነጥብ ከሆነ «የ» ይነበባል። ከዚህ የተነሣ ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፤ ዩዳሳፍም በግሪክ ዮአሳፍ፣ በግእዝ ይዋስፍ ተባለ። የግሪክና የሮማ አብያተ ክርስቲያናትም በረላምንና ዮአሳፍን በቅዱሳን ቍጥር አግብተው ሲያስቡአቸው ኖረዋል። ይህን መናገራችን መጽሐፉን ለማቃለል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። ይልቁንም አንድ መልካም ታሪክ የአያሌ ሕዝቦችን ሃይማኖትና ቋንቋ እያለፈ፣ በእያንዳንዱም ደጃፍ ልብሱን እየለወጠ ወደ እኛ መድረሱ ክብሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በህንድ አገር አቤኔር የሚባል፣ ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ ንጉሥ ነበረ። ልጅ በተወለደለት ጊዜ ከኮከብ ቈጣሪዎቹ አንዱ፣ ይህ ሕፃን የሚያገኘው መንግሥት የአንተ ዓይነት አይደለም፤ የምታሳድደውንም ሃይማኖት ይይዛል ብሎ ነገረው። ንጉሡም ደንግጦ፣ ልጁ ሕማምንና እርጅናን ሞትንም ሳያይ እንዲያድግ ልዩ አዳራሽ ሠርቶ በውስጡ ዘጋበት። ነገር ግን ይዋስፍ አድጎ ወደ ውጭ እንዲወጣ በተፈቀደለት ጊዜ በመንገድ ላይ ድውይና ዕውር፣ በሌላም ቀን በእርጅና የጐበጠ ሽማግሌ አየ፤ የሰው ሁሉ መጨረሻ ይህ እንደ ሆነም በሰማ ጊዜ ልቡ ዐረፍት አጣ። በዚያን ጊዜ ባሕታዊው በረላም የነጋዴ ልብስ ለብሶ፣ ዋጋው የማይገመት ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ወደ እርሱ ገባ፤ ዕንቍ ያለውም ትምህርቱን ነበረ። ይዋስፍም አምኖ ተጠመቀ። አባቱ በክርክር፣ በአስማትና በሴቶች ውበት ሊመልሰው ሞክሮ ባይሆንለት መንግሥቱን ከሁለት ከፍሎ እኩሌታውን ሰጠው። ይዋስፍ በፍትሕ ገዛ፤ ድኾችንም ረዳ፤ አባቱም ይህን አይቶ በመጨረሻ አመነና ሞተ። ከዚህ በኋላ ይዋስፍ ዘውዱን ባራክያስ ለሚባል ሰው ትቶ ወደ በረሃ ወጣ፤ መምህሩንም ፈልጎ አገኘው፤ እስኪሞትም ድረስ በዚያው ኖረ።

መጽሐፉን በድርሰትነቱ ስንመለከተው ኀይሉ ያለው በምሳሌዎቹ ነው። ከሁሉ የታወቀው በገደል ውስጥ የተንጠለጠለው ሰው ምሳሌ ነው። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ወደ ጥልቅ ጕድጓድ ይወድቃል፤ በወደቀም ጊዜ አንዲት ትንሽ ዛፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ወደ ሥሯ ቢመለከት አንድ ነጭና አንድ ጥቍር አይጥ ግንዷን ሳያቋርጡ ይገዘግዛሉ፤ ወደ ታች ቢመለከት ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። በዚህ መካከል ከቅርንጫፏ ላይ ጥቂት ማር ሲንጠባጠብ ያያል፤ ያን ጊዜም አውሬውንም፣ አይጦቹንም፣ ዘንዶውንም ረስቶ ማሩን ይልስ ጀመር። ነጩ አይጥ ቀን፣ ጥቍሩ አይጥ ሌሊት እንደ ሆነ መጽሐፉ ራሱ ይተረጕማል። ከዚህ የበለጠ በአጭር ቃል የሰውን ዝንጋዔ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ያለው ምሳሌ አንባቢውን አይገሥጸውም፤ ራሱን እንዲያይ ብቻ ያደርገዋል።

ይህን ያህል ካመሰገንን ዘንድ ጕድለቱንም መናገር ይገባናል። የመጀመሪያው ጕድለት የንግግር መብዛት ነው። በምሳሌና በምሳሌ መካከል በረላም የሚያደርጋቸው ረዣዥም ስብከቶች የታሪኩን ፍሰት ያቋርጡታል፤ አንባቢውም ወደሚቀጥለው ምሳሌ ለመድረስ እንደ መንገደኛ አቀበት መውጣት ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ይህ የዘመኑ የአጻጻፍ ልማድ ስለ ሆነ እጅግ አንከስሰውም። የሚያከራክረን ሁለተኛው ነው፤ እርሱም በታሪኩ ፍጻሜ ላይ ይገኛል።

ይዋስፍ በሌሊት ከከተማ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ሰምቶ ተከተለው፤ በጸሎት ላይ ሳለም አግኝቶ እያለቀሰ ወደ ከተማ መለሰው። ይዋስፍ ግን ከእንግዲህ አብሯቸው እንደማይኖር በመሐላ አስታወቃቸው፤ ባራክያስንም በግድ አንግሦላቸው ሄደ። ደራሲው ለበረሃው ኑሮ፣ ለጾሙና ለተጋድሎው ብዙ ቃል ሲሰጥ፣ ለዚህ ለቅሶ የሚሰጠው መልስ የለውም። ሕዝቡ የሚያለቅሰው መልካም ገዥ ስላጣ ነው። ገዥው በፍትሕ ሲገዛ ያገኘው የነፍስ ንጽሕና እውነተኛ ከሆነ፣ በዚያው በሥራው መካከል ሊጠብቀው የማይችለው ስለ ምንድር ነው? ባራክያስስ ዘውዱን አልፈልግም እያለ ሲጭንበት፣ ለነፍሴ አይበጀኝም ያለውን ሸክም ለባልንጀራው ማሸከሙ እንዴት ይታያል? መጽሐፉ ሕዝቡን እንዲናገር ካደረገ በኋላ ሳይመልስለት ይሄዳል። በእኛ አስተያየት ይህ የድርሰቱ ስብራት ነው።

ይህ ስብራት ከወዴት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ህንዱ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። በቡድሃ ትውፊት እንደሚነገረው፣ ጎታማ በ29 ዓመቱ ቤተ መንግሥቱን፣ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወጣ። 6 ዓመት በብርቱ ተጋድሎ ሥጋውን አደከመ፤ ነገር ግን እጅግ መራብ እንደ እጅግ መጥገብ ሁሉ ኅሊናን እንደሚያሳውር ባወቀ ጊዜ ያን መንገድ ተወና መካከለኛውን መንገድ ያዘ። በ35 ዓመቱም በቦድ ጋያ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ የሚፈልገውን ብርሃን አገኘ። ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ከይዋስፍ ታሪክ ጋራ በተመሳሰለ ነበር። ግን አያልቅም። ያወቀው ነገር ረቂቅ ስለ ሆነ ለሰው ማስተማር ይበጅ አይበጅ እንደ ሆነ አመነታ ይባላል፤ በመጨረሻም የሚሰሙ ሰዎች አሉና ልሂድ ብሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ እስከ 80 ዓመቱ፣ ማለት 45 ዓመት ሙሉ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየተጓዘ ከነገሥታትም፣ ከነጋዴዎችም፣ ከጠራጊዎችም ጋራ ተነጋገረ። በዛፉ ሥር የተቀመጠባቸው ቀኖች ጥቂቶች ናቸው፤ በመንገድ ላይ የኖረባቸው ዓመታት ግን ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች ብናስተያይ የጠፋውን እናገኛለን። ጎታማ ወጥቶ ተመለሰ፤ ይዋስፍ ገዝቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ታሪኩ ከህንድ ተነሥቶ ብዙ አገር ሲያቋርጥ ምሳሌዎቹን ሁሉ በደኅና ይዞ ደርሷል፤ በመንገድ የወደቀበት ነገር ቢኖር መመለሱ ነው። ተመስጦንና ሥራን ሚዛን ላይ የሚያኖረው ግን ይኸው መመለስ ነበረ።

ይህን ስንል የህንዱ መንገድ ምንም ጥያቄ የለበትም ማለታችን አይደለም። ጎታማም ቢሆን ሚስትና ልጅ ትቶ የወጣ ሰው ነው፤ ተከታዮቹ መነኰሳትም አርሰው አይበሉም። ሆኖም ሥርዓታቸውን ስንመረምር ከሕዝቡ ጨርሰው እንዳይለዩ የሚያስር ገመድ እናገኝበታለን። መነኵሴው ማለዳ ዕቃውን ይዞ ወደ መንደር ወርዶ ምግቡን መለመን አለበት፤ ሕዝቡ ያጐርሰዋል፣ እርሱም ያስተምረዋል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ የሚቆመው የቆሎ ተማሪያችንም በዚህ ገመድ የታሰረ ነው። ትምህርቱን የሚማረው በመንደሩ እንጀራ ስለ ሆነ፣ ባወቀ ጊዜ የመንደሩ ባለዕዳ ነው። በቻይና አገር ደግሞ በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው መነኵሴ ባይዣንግ ይህን ገመድ በሌላ መንገድ አጠበቀው፤ መነኰሳቱ ራሳቸው እርሻ እንዲያርሱ ሥርዓት ሠራላቸው። በሸመገለ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ አዝነውለት መሣሪያውን ቢደብቁበት፣ ካልሠራሁ አልበላም ብሎ ምግቡን ተወ ይባላል።

የቡድሃ ትምህርት ራሱም ቢሆን ተመስጦን ብቻውን አያቆመውም። ስምንት ክፍል ያለው መንገድ በሚባለው ትምህርት ውስጥ የቀና ንግግር፣ የቀና ሥራና የቀና መተዳደሪያ ከቀና ተመስጦ ጋራ አብረው ተቈጥረዋል። ሶና ስለሚባለው ደቀ መዝሙርም የሚነገር ታሪክ አለ። ይህ ሰው እግሩ እስኪደማ ድረስ በተጋድሎ ራሱን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ቡድሃ አስቀድሞ ባለ አውታር ዜማ መሣሪያ ይመታ እንደ ነበረ አስታውሶ፣ አውታሩ ከመጠን በላይ ሲወጠር ወይም ሲላላ ድምፁ ያምር እንደ ሆነ ጠየቀው። በገናም ሆነ ክራር የሚደረድር ኢትዮጵያዊ ይህን ምሳሌ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። አውታሩን የሚቃኝ ሰው ቅኝቱን የሚፈልገው ለመደርደር ነው፤ ቃኝቶ ቃኝቶ ሳይደረድር የሚሰቅለው የለም።

ለመንግሥት ሠራተኛ አንባቢዎቻችን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የንጉሥ አሾካ ታሪክ ነው። አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ህንድን የገዛ ንጉሥ ነው። የካሊንጋን አገር በጦርነት ከወጋ በኋላ ባፈሰሰው ደም ተጸጸተ፤ ጸጸቱንም በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ለሕዝቡ አስነበበ። ወደ ቡድሃ ትምህርት ከተመለሰ በኋላ ዘውዱን አልጣለም። በመንገድ ዳር ጥላ ዛፍ አስተከለ፤ የውሃ ጕድጓድ አስቈፈረ፤ ለሰውና ለእንስሳ የሚሆን መድኀኒት አዘጋጀ። ባስቀረጸው በአንዱ ዐዋጅ ላይ የሕዝብ ጉዳይ የያዙ ሹማምንቱ እርሱ ምግብ ላይም ቢሆን፣ በእልፍኙም ቢሆን፣ በማናቸውም ሰዓትና ስፍራ ገብተው እንዲያስታውቁት አዟል። ተመስጦ በአንድ ገዥ ልብ ውስጥ ሥር ከሰደደ ፍሬው ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ ምስክር አያሻም፤ ፍሬው ለባለጉዳይ የተከፈተ ደጅ ነው።

እንዲሁም መጽሐፋችን ራሱ ከፍጻሜው የተሻለ መልስ በውስጡ ይዟል ለማለት እንደፍራለን። በረላም ከተናገራቸው ምሳሌዎች አንዱ የአንድ ዓመት ንጉሥ ምሳሌ ነው። በአንዲት ከተማ የሚኖሩ ሰዎች በየዓመቱ አንድ እንግዳ እያመጡ ያነግሡ ነበር። ንጉሡም ዓመቱን በደስታ ሲኖር ሳያስበው ተነሥተው ልብሱን ገፍፈው ወደ ባዶ ደሴት ይሰዱታል። አንድ ብልህ እንግዳ ግን በነገሠ ጊዜ የሚጠብቀውን አስቀድሞ አወቀ፤ በሥልጣን ላይ ሳለም ሀብቱን ወደ ደሴቲቱ ላከ። ሀብትን አስቀድሞ መላክም ለድኾች መስጠት እንደ ሆነ መጽሐፉ ያስረዳል። ሹም ሽር የሚለውን ቃል ከአያቶቹ የሰማ የአገራችን ሰው ይህን ምሳሌ ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የምሳሌውን ትምህርት ልብ እንበል። ብልሁ እንግዳ ስደቱን ፈርቶ በመጀመሪያው ወር ዘውዱን ጥሎ አልሸሸም፤ ዓመቱን ተጠቀመበት። በረላምም ቢሆን ይዋስፍ ከመጀመሪያው ቀን ልከተልህ ባለው ጊዜ ከልክሎታል፤ ቤት ያደገች ሚዳቋ ወደ ዱር ሚዳቋዎች ብትቀላቀል በባልንጀሮቿ ላይ የምታመጣውን መከራ በምሳሌ ነግሮታል። እንግዲህ መምህሩ ያስተማረው ምሳሌና ደቀ መዝሙሩ የፈጸመው ፍጻሜ በፍጹም አይስማሙም።

በአገራችን ታሪክስ ምን እናገኛለን? የይዋስፍን መንገድ የሄዱ ነገሥታት አሉን። በ6ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ የዘመተው ንጉሥ ካሌብ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ ገባ ትውፊታችን ይናገራል፤ በዚህም ይመሰገናል። ነገር ግን መውጣት ሁሉ እንዲህ ባለ ሰላም አይፈጸምም። አድያም ሰገድ ኢያሱ በኀዘን ተይዞ ወደ ጣና ደሴት በተለየ ጊዜ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፤ አባትዮውም በ1706 ተገደለ። ከዚያ እስከ 1721 ባለው 15 ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራረቁ። የዚህ ሁከት ምክንያት ብዙ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ባለአደራ ከስፍራው ሲታጣ አደራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ይህ ዘመን ያሳያል።

ገዳማቶቻችንንም ስንመለከት የመነኵሴ ኑሮ ሥራን የሚንቅ አለመሆኑን እንረዳለን። የመነኰሳት አባት አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ በታከተ ጊዜ፣ አንድ ሰው ጥቂት ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ጥቂት ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ሲታታ በራእይ አየ፤ መንገዱም ይህ እንደ ሆነ ተነገረው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በቆሙበት እግራቸው እስኪሰበር የጸለዩ አባት ከመሆናቸው አስቀድሞ፣ በሸዋና በዳሞት እየዞሩ ሕዝብን ያስተማሩ መምህር እንደ ነበሩ ገድላቸው ይናገራል። ጸሎታቸው በበረሃ የሚቀር ሳይሆን አገር የሚጠብቅ እንደ ሆነ ስለምናምን፣ የባሕታዊን ኑሮ ሥራ ፈትነት ነው የሚሉትን አንቀበልም። የምንከራከረው፣ አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን በሌላ ትከሻ ላይ ጥሎ ጸጥታን ሊገዛበት አይገባም ብለን ብቻ ነው።

ለዚህ አሳባችን ከሁሉ የበለጠው ምስክር የመጽሐፉ ተርጓሚ ነው። አባ ዕንባቆም ከየመን መጥቶ በአገራችን ክርስትናን የተቀበለ፣ መንኵሶም እስከ ደብረ ሊባኖስ እጨጌነት የደረሰ ሰው ነው። ዘመኑ የአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር አገሩን ያቃጠለበት ዘመን ነበረ። ገዳሙ ሲቃጠል መነኵሴው በዋሻ ተሸሽጎ መጸለይ ብቻ ይበቃኛል ሊል ይችል ነበረ። ዕንባቆም ግን ዐረብኛና የቍርኣን ዕውቀት ስለ ነበረው «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ ቃሉን በቀጥታ ለአሕመድ አቀረበ። ጦርነቱም በ1543 ካለቀ ከ10 ዓመት በኋላ፣ መጻሕፍት ተቃጥለው ሊቃውንት በጠፉበት አገር፣ ተቀምጦ «በረላምና ይዋስፍ»ን ተረጐመ። ይህ ሰው ተመስጦን ያውቃል፤ በተመስጦ ያገኘውን ግን ለተራበው አገር እንደ እህል አምጥቶ ሰጠ። ከበረሃ ያልተመለሰውን ልዑል ታሪክ የጻፈልን ከበረሃ የተመለሰ መነኵሴ ነው።

መጽሐፉ የተተረጐመለት ንጉሥም ከዚህ ያነሰ ምስክር አይደለም። ገላውዴዎስ በወጣትነቱ የፈረሰ መንግሥት ተቀበለ። በ1555 የሃይማኖት መግለጫ እስከ መጻፍ የደረሰ፣ መጽሐፍና ጸሎት የሚወድ ሰው ነበረ። የይዋስፍን ታሪክ ሰምቶ ዘውዱን ጥሎ ለመውጣት ከእርሱ የበለጠ ምክንያት የነበረው ንጉሥ የለም። እርሱ ግን በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋራ ሲዋጋ በጦር ሜዳ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ከስፍራው አልተለየም። እንግዲህ ተርጓሚውና ንጉሡ በሕይወታቸው የጻፉት ትርጓሜ ከመጽሐፉ ፍጻሜ የሚሻል ሁኖ እናገኘዋለን።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ ከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል እንመለስ። በየካ ተራራ ላይ ከዓለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከተራራው ግርጌ ወዲህ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ ባንኮክና ወደ ቤይጂንግ የሚነሣው አይሮፕላን አለ። ዋሻውና አይሮፕላን ጣቢያው በአንድ ከተማ ውስጥ እንደሚኖሩ ሁሉ፣ ጸጥታና ሥራም በአንድ ሰው ውስጥ ሊኖሩ ይገባል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርጉ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ጸጥታን ንቆ በጥድፊያ ብቻ መኖር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አይጦቹ ዛፉን ሲገዘግዙ አይሰማም። ሁለተኛው ደግሞ ጸጥታን ራሱን የማር ጠብታ ማድረግ ነው። ማለዳ ለኅሊናው ዕረፍት ብሎ የተቀመጠ ሹም ባለጉዳዩን በደጅ እያስጠና ቢያረፍድ፣ ያገኘው ተመስጦ ሳይሆን ጣፋጭ ዝንጋዔ ነው። ከጸጥታውም ከሥራውም ሳይሆን የሚቀር ሰው ደግሞ፣ አባቶቻችን እንደሚሉት፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

የተመስጦን እውነተኛነት የምንለካው ሰውዬው በተቀመጠበት ሰዓት ብዛት ሳይሆን በተነሣ ጊዜ በሚሠራው ሥራ መሆን አለበት። ሹሙ ከጸጥታው ሲነሣ የድኻውን መዝገብ በቀና ዓይን ካየ፣ መምህሩ ደካማውን ተማሪ በትዕግሥት ካስተማረ፣ ተማሪውም የተማረበትን እንጀራ ማን እንደ ጋገረ ካልዘነጋ፣ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሳይሄዱ የመካከለኛውን መንገድ አግኝተዋል። ለዚህም ትምህርት «በረላምና ይዋስፍ» ጥሩ መነሻ ይሆናል። መምህራን ምሳሌዎቹን በክፍላቸው ቢያስነብቡ፣ ተማሪዎችንም የይዋስፍ ሕዝብ ለቅሶ ምን መልስ ይገባው ነበር ብለው ቢያከራክሩበት፣ አንድ የቈየ መጽሐፍ ከመዛግብት ቤት ወጥቶ እንደ ገና በሕያዋን መካከል ይናገራል። አባ ዕንባቆም የተረጐመውም ለዚሁ ነበረ።